የደቻቱን ፍርሃት በድሩይዶች መንገድ አቀለልኩት፤ አገሬ ስገባ ግን ምን ላድርገው?

የደቻቱ ማዶ ልጅ (ድሬዳዋ)፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጥያቄዬ ረዘም ያለ ነውና በትዕግሥት እንድታነቡልኝ እለምናለሁ።

በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ሊያልቅ ሲል በከተማችን የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። እኛን አባታችን ጣሪያ ላይ አውጥቶ አተረፈን። በግቢያችን አጠገብ የምትኖረው፣ ቅልልቦሽ የምንጫወተው ጓደኛዬ ግን ከእናቷ ጋር ሄደች፤ አስከሬኗም አልተገኘም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ እጅና እግሬ ይቀዘቅዛል፤ ደንገጎ ተራራ ላይ ደመና ሲጠቁር ካየሁ ሌሊቱን ቁጭ ብዬ አነጋው ነበር። ጠበል ተጠምቄያለሁ፤ እናቴም ለቁልቢው ገብርኤል ተስላልኛለች። ተጽናንተንበታል፤ ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም።

ከአራት ዓመት በፊት ለትምህርት ወደ ዌልስ ሄድኩ። ዝናቡ የማያባራበት አገር በመሆኑ መጀመሪያ እንደ ቅጣት ቆጠርኩት። አብራኝ የምትሠራ አንዲት ሴትዮ ራሷን ድሩይድ፣ ማለትም የጥንት አውሮፓ ካህናትን መንገድ ተከታይ፣ ብላ የምትጠራ ነበረች፤ ጭንቀቴን ስነግራት አንድ የኦክ ዛፍ እንድመርጥና ዝናብም ይሁን ፀሐይ በየቀኑ ለሩብ ሰዓት ያህል ሥሩ እንድቀመጥ መከረችኝ። በመጀመሪያው ዝናባማ ቀን ከአጥሩ በር አላለፍኩም። በሦስተኛው ሳምንት ግን መዳፌን ከዛፉ ሻካራ ልጥ ላይ አሳርፌ፣ ጠብታው ከቅጠል ቅጠል እየተቀባበለ ሲወርድ እያዳመጥኩ እስከ መጨረሻው ቆየሁ።

በጥቅምት መገባደጃ፣ ሳዊን በሚሉት የሙታን መታሰቢያ ምሽት፣ ድሩይዶቹ ክብ ሠርተው ወደሚቆሙበት ሥርዓት ጋበዙኝ። በአራቱም አቅጣጫ ዞረው ሰላም ከጠሩ በኋላ እያንዳንዱ ሰው የሞተበትን ሰው ስም ተናገረ። እኔም የጓደኛዬን ስም ጮክ ብዬ ጠራሁት። ከጎርፉ ሌሊት በኋላ ስሟ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም ነበርና ድምፄን ራሴም አላወቅኩትም።

አሁን ተመልሻለሁ፤ ክረምት እየቀረበ ነው፤ ፍርሃቱም እየተመለሰብኝ ነው። ክርስትናዬን አልተውኩም፤ ልተወውም አላስብም። ያ ልምድ ግን በሰው ዘንድ አረማዊነት ይባላል፤ እናቴም ብትሰማ ታዝናለች። ልተወው ወይስ ልያዘው? ልያዘው ካላችሁኝስ እዚህ ድሬዳዋ እንዴት ነው የሚያዘው?

የታሪክ መምህር (ሐረር)፦

ውድ እህቴ፣ ስለ እምነት የመፍረድ ሥልጣን የለኝም፤ የያዙት ነገር ከየት እንደመጣ ማወቅ ግን ለውሳኔዎ ይረዳዎታል ብዬ አምናለሁ።

የጥንቶቹ ድሩይዶች በጎል (በዛሬዋ ፈረንሳይ አካባቢ) እና በብሪታንያ የነበሩ ካህናትና ዳኞች ሲሆኑ፣ ስለ ትምህርታቸው በራሳቸው እጅ የተጻፈ ነገር አልተዉም። የምናውቀው በአብዛኛው ባላንጣዎቻቸው የነበሩት ሮማውያን የጻፉትን ነው። ዩልዮስ ቄሳር እንደሚለው አንዳንዶቹ ተማሪዎች እስከ 20 ዓመት ድረስ ትምህርቱን በቃል ያጠኑ ነበር፤ ይህን ሳነብ የድጓና የቅኔ ተማሪዎቻችን ትዝ ይሉኛል። ከጥያቄዎ ጋር የሚገናኘው ደግሞ ቄሳር ስለ ነፍስ የጻፈው ነው፦ ነፍስ አትጠፋም፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ታልፋለች ብለው ያስተምሩ ነበር፤ ዓላማውም ሰዎች ሞትን ንቀው እንዲደፍሩ ነበር ይላል። ስለዚህ ፍርሃትን ማሸነፍ ለዚህ ትምህርት እንግዳ አይደለም።

እርስዎ ያገኙት ሥርዓት ግን አዲስ ነው። በለንደን የመጀመሪያው የድሩይዶች ማኅበር የተቋቋመው በ1781 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ የዌልሱ ባለቅኔ ኢዮሎ ሞርጋንዉግ በ1792 የባለቅኔዎችን ጉባኤ ሲጀምር፣ ጥንታዊ ነው ካለው ብዙውን የደረሰው ራሱ ነበር። ባርዶች፣ ኦቬቶችና ድሩይዶች በሚሉ ሦስት ደረጃዎች የሚያስተምረው ትልቁ ማኅበር ደግሞ የተመሠረተው በ1964 ሲሆን፣ የየትኛውንም ሃይማኖት ተከታይ ይቀበላል። ይህን የምልዎት ያገኙትን ለማቃለል አይደለም። ከዛፍ ሥር መቀመጥም ሆነ ሙታንን በስም መጥራት የእነሱ ብቻ ንብረት እንዳልሆነ እንዲያዩት ነው።

የልጅ ልጆች አያት (ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ)፦

ልጄ፣ ዕድሜዬ ከሰባ አልፏል፤ ይህንንም የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። ያለሽውን ስሰማ የራሴ አያት ፊቴ ድቅን አሉ። እሳቸው በአድባሯ ሾላ ሥር ቡና አፍልተው ቄጠማ ጎዝጉዘው ይቀመጡ ነበር። ግንዷን ቅቤ ሲቀቡ ደብራችን ተቆጥቷቸዋል፤ እኔም ቅቤውን ትቼዋለሁ። ከጎረቤት ጋር ጥላዋ ሥር ተቀምጦ የሆድን መጫወት ግን አልተውኩም፤ ለእሱ የተቆጣኝም የለም።

እኔን የነካኝ ሌላው ነገር ነው። ለዚያች ሕፃን አስከሬኗ ስላልተገኘ ተዝካር አልወጣላትም ማለት ነው? በባዕድ አገር ስሟን የጠራሽው እኮ እዚህ ሳይጠራ ስለቀረ ነው። ወደ ንስሐ አባትሽ ሂጂና ንገሪያቸው፤ የክርስትና ስሟን ታውቂ እንደሆነ ፍትሐት ይደረግላት፤ ንፍሮውንና ዳቦውን እኔም አግዤሽ እናዘጋጃለን። የጎርፉ ሰሞን እኔም የእህቴን ልጅ አጥቻለሁ።

ከጁገል (ሐረር)፦

እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ለዛፍ ክብር መስጠት በእኔ እምነት ወሰን አለው፤ ስለዚህ በዚያ ላይ ብዙ አልልም። ስለ ፍርሃት ግን የማውቀው አለኝ።

በልጅነቴ ጅብ እጅግ እፈራ ነበር። ሐረር ውስጥ ጅብን መሸሽ እንደማይቻል ታውቂያለሽ፤ በግንቡ ሥር ባሉት ቀዳዳዎች ሾልከው እየገቡ ሌሊት በመንገዶቹ ይዘዋወራሉ። አባቴ አንድ ቀን ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ ወደሚመግበው ሰው ወሰደኝ። መጀመሪያ ከሩቅ አየሁ፤ በሌላ ቀን ጠጋ አልኩ፤ በስተመጨረሻ ሥጋ የተንጠለጠለበትን አጭር እንጨት አስያዘኝ። የጅቡ ትንፋሽ አንጓዬ ላይ ሲሞቀኝ እስካሁን ይሰማኛል። ሰውዬው እያንዳንዳቸውን በስም ይጠራቸው ነበር፤ ስም ካላቸው በኋላ እንደ ፊቱ ሊያስፈሩኝ አልቻሉም። በዐሹራ ሌሊት ገንፎ በቅቤ ተሠርቶ ሲቀርብላቸው፣ ከግማሽ በላይ ከበሉ ዓመቱ ደግ ይሆናል የሚሉ ሽማግሌዎች አጠገብ ቆሜ አብሬ ጠብቄያለሁ።

ነገር ግን አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ እባክሽ በደንብ ያዢው። የዌልሱ ዝናብና ደቻቱ አንድ አይደሉም። ደቻቱ ብዙውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ደጋው ላይ በዘነበ ዝናብ ብቻ በድንገት ሊሞላ ይችላል። ስለዚህ ደመናውን ማየትሽ ዕውቀት ነው፤ እሱን አትተይው። ልትለማመጂ ብለሽ በክረምት አሸዋው ላይ እንዳትቀመጪ። ከፍ ያለ ቦታ ምረጪ፣ ሰውም ይኑር አብሮሽ።

ነርስ (ድሬዳዋ)፦

ከላይ የተጻፈውን እደግፋለሁ። የሚፈሩትን ነገር ደኅንነቱ በተጠበቀ ሁኔታ ደረጃ በደረጃ መቅረብ በአእምሮ ሕክምናም የታወቀ ዘዴ ነው። እንቅልፍ ማጣቱ ከሳምንታት በላይ ከቀጠለ ግን ብቻዎን አይታገሉት፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያማክሩ። ጸበሉም፣ ተዝካሩም፣ ዛፉም ከዚህ ጋር አይጣሉም።

የደቻቱ ማዶ ልጅ (ድሬዳዋ)፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለት ሳምንት ዘግይቼ የምጽፈው ያላችሁኝን ሞክሬ ለመመለስ ብዬ ነው።

እማማ፣ ንስሐ አባቴን አነጋግሬያለሁ፤ የጓደኛዬን የክርስትና ስም አክስቷ ነገሩኝ፤ ፍትሐቱም ሐምሌ 30 እንዲሆን ተስማምተናል። ለእናቴም የዌልሱን ሁሉ ነገርኳት። ስለ ኦኩ ዝም ብላ አዳመጠች፤ የጓደኛዬን ስም እንደጠራሁ ስነግራት ግን አለቀሰች፤ ቀጥላም እሷም ያን ስም ፈርታ ኖራ እንደነበር ነገረችኝ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ደንገጎ ጠቆረ። ከእናቴ ጋር ከድልድዩ በላይ ካለው ከፍታ ላይ፣ አንዲት ያረጀች ግራር ሥር ተቀመጥን። ውሃው ሲመጣ መጀመሪያ ሽታው ደረሰን፤ የረጠበ አፈር ሽታ። ቀጥሎ ቡናማ ምላስ የሚመስል ውሃ ገለባና የላስቲክ ጠርሙስ እየገፋ በአሸዋው መካከል አለፈ፤ ቁርጭምጭሚት እንኳን የሚያጠልቅ አልነበረም። እጄ ቀዝቅዞ ነበር፤ እናቴ በእጆቿ መካከል ይዛ አሞቀችልኝ። ሲመሽ ወደ ቤት ገባን፤ ሌሊት ቆርቆሮው ላይ ካፊያ ሲጀምር ነቃሁ፤ ጥቂት አዳመጥኩና መልሶ እንቅልፍ ወሰደኝ።