ለድሃ ጠበቃ ማን ይክፈል?

ጦሳ፦ የሳምንቱ መከራከሪያችን ይኸው። መንግሥት ለድሃ የሕግ ድጋፍ በጀት ይመድብ? ወይስ ለጠበቆች በጎ ፈቃድና ለሽማግሌ ይተወው? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ 5፣ የተከሰሰ ሰው መክፈል ካቃተውና ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ መንግሥት ጠበቃ ያቁምለት ይላል። ይህ ግን በወንጀል ለተከሰሰ ነው። ቀለብ ለምትጠይቅ እናት አይደርስም። ስድብ ክልክል ነው፣ ቀጥሉ።

ቦርከና፦ አይመድብ! የኮምቦልቻ ነጋዴ የከፈለው ግብር ለሰው ፍቺ ክርክር የሚውልበት ምክንያት አይታየኝም። መጀመሪያ መንገድ፣ መጀመሪያ መድኃኒት። የፌዴራል ጠበቆች በዓመት 50 ሰዓት በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ እንዲያገለግሉ ታዘዋል። እሱን ማስፈጸም ነው።

የሐይቅ ልጅ፦ ወንድሜ፣ ያልከው የፌዴራል ፈቃድ ላላቸው ነው። ወረዳ ፍርድ ቤት የሚቆመው የክልል ፈቃድ ያለው ነው። እሱም ቢሮው ደሴ፣ ባለጉዳይዋ ደላንታ። አንድ የመሬት ክርክር ስንት ቀጠሮ እንዳለው ታውቃለህ። 50 ሰዓቱ ገና መልስ ሳይሰማ ያልቃል።

አባት ከተሁለደሬ፦ ልጆቼ፣ እኛ አገር ደም እንኳ በአበጋር ሽምግልና ይደርቃል። ሽማግሌ ደሞዝ አይጠይቅም። ጠበቃ ሲበዛ ጠብ ይበዛል።

ራፖር ጸሐፊው፦ አባቴ፣ በአክብሮት ነው። አበጋር ጠብ ያበርዳል፣ አይካድም። ሸንጎው ላይ ግን የሚናገረው ወንዱ ነው፤ ሴቲቱ የይዞታ ደብተሩ ላይ ስሟ እያለ ድርሻዋን «ለሰላም ብለሽ ተይው» ትባላለች።

እኔ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ እየጻፍኩ ነው የምኖረው። ነጻ ድጋፍ ቢመጣ የሚቀንሰው የእኔ እንጀራ ነው። ቢሆንም ይምጣ እላለሁ። ሰው ወደኔ የሚመጣው የይግባኝ ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። በ1958 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ድሃ የዳኝነት ገንዘብ ሳይከፍል እንዲከስ ይፈቅዳል። ጥሩ። ክሱን የሚጽፍለት፣ ማስረጃ የሚለቅምለትስ? ሌላም አለ። ሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚዳኘው ሁለቱም ወገን ሲፈቅዱ ብቻ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ላይ ተጽፏል። ይህን ሳያውቁ ፈርመው የሚወጡ እናቶች አሉ። ወደው የፈረሙት ምንም ችግር የለውም፣ መብታቸው ነው። ሳያውቁ የፈረሙት ነው የሚቆጨኝ። እነሱ ከጠበቃ በፊት ግማሽ ሰዓት የሚያስረዳቸው ሰው ነው ያጡት።

ቦርከና፦ እሺ፣ ማስረዳቱን ልቀበል። ግን መንግሥት የሚከፍለው ጠበቃ መንግሥትን ይሞግታል እንዴ? ቤቱ ለልማት ፈርሶ ካሳ የሚጠይቅ ሰው አስቡ።

የሐይቅ ልጅ፦ ዳኛውስ ደሞዙን ከማን ነው የሚቀበለው? ዐቃቤ ሕጉስ? መርማሪውስ? ሁሉም ከግብር ነው የሚበሉት። ድሃው ሲደርስ ብቻ ነው እንዴ ግብር የሚያልቀው? ገንዘቡ ከመንግሥት ይምጣ፣ ቀጣሪው ግን ሌላ ይሁን። የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶች በነጻ ያማክራሉ፤ የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም እንደዚያው። ችግራቸው ገንዘቡ በፕሮጀክት መምጣቱ ነው። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ቢሮው ይቆለፋል፣ መዝገቡ ግን ገና ቀጠሮ ላይ ነው።

አባት ከተሁለደሬ፦ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይላሉ አባቶች። ስለዚህ አልቃወምም። አንድ ነገር ግን መልሱልኝ። ድሃ መሆኑን ማን ይመሰክራል? የቀበሌ ደብዳቤ ነው? ክሱ ቀበሌው ላይ ከሆነስ?

ጦሳ፦ አቤት አባባ፣ የሚከብደውን አመጡት።

ራፖር ጸሐፊው፦ ሦስት ጎረቤት በቃለ መሐላ ይመስክር። በቀበሌ ደብዳቤ ብቻ ይሁን ከተባለ እኔ ድጋፌን አነሳለሁ።

ቦርከና፦ ሦስቱንም ጎረቤት የሚጽፍላቸው ያው አንተ ነህ፣ እንጀራህ የት ሄደ! ለማንኛውም በአንድ ወረዳ ይሞከርና ሂሳቡ ለሕዝብ ይነበብ። ከዚያ ወዲህ አልሄድም።