የዶበርማን ጆሮ ለምንድነው የሚቆረጠው? እናስቆርጠው ወይስ ይቅር?

የቀበና ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። ቤታችን ቀበና ነው፤ ከወንዙ በላይ ካሉት የድሮ ግቢዎች አንዱ። በቅርቡ የዶበርማን ቡችላ ገዛን። አራት ወር ሊሞላው ነው። ጆሮው እንደ ጎመን ቅጠል ተንጠልጥሏል። የሸጠልን ልጅ «ጆሮው ካልቆመ ሌባ አይፈራውም፤ ቤት ድረስ መጥቶ የሚቆርጥ ሰው አለኝ» ይላል። ዘበኛችን ጋሼ ደግሞ «ቆርጦ፣ ጠብሶ ለራሱ ማብላት ነው፤ ያኔ ኃይለኛ ይሆናል» አሉ። እናቴ ይሄን ስትሰማ «ምን በደላችሁ!» ብላ ሁላችንንም ከበረንዳው አባረረችን።

እኔ ምክንያቱን ማወቅ ነው የምፈልገው። ፈረንጆቹ ራሳቸው ለምን ጀመሩት? ጆሮው እንዳይታመም ይረዳል የሚባለውስ እውነት ነው?

ባለ ቦክሰሩ፦
አስቆርጠው ባክህ። ጆሮው ተንጠልጥሎ ካደገ የሰፈር ልጅ ሁሉ «ላብራዶር ነው እንዴ?» እያለ ነው የሚያደርቅህ።

ዶክተሯ፦
ሥራዬ የእንስሳት ሕክምና ነው፤ ትንሽ ላርዝመው።

መጀመሪያ ነገሩ የመልክ ጉዳይ አልነበረም፣ የሥራ ነበር። ግሬት ዴንን ውሰድ። ዛሬ ሶፋ ላይ የሚንጋለለው ያ ግዙፍ ውሻ ድሮ ጀርመን አገር የዱር አሳማ ያደንበት ነበር። የአሳማው ክራንቻ የተንጠለጠለ ጆሮ ካገኘ ይተረትረዋል። የጆሮ ደም ደግሞ አስቸጋሪ ነው። ውሻው ጭንቅላቱን ባራገፈ ቁጥር ቁስሉ እንደገና ይከፈታል፤ ግድግዳው ሁሉ ደም በደም ይሆናል። ስለዚህ አዳኞቹ አስቀድመው ቆረጡት። የቱርክና የመካከለኛው እስያ እረኞችም እንዲሁ፦ ተኩላ ጆሮውን እንዳይዘው ይቆርጡታል፣ የቱርኮቹ አንገቱ ላይ ሹል ብረት ያለው ማሰሪያ ያስሩለታል። ውሻ የሚያዋጉ ሰዎችም በዚሁ ምክንያት ነው የሚቆርጡት።

ያንተን ዝርያ ያወጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ አፖልዳ በምትባል የጀርመን ከተማ የኖረ ካርል ፍሪድሪሽ ሉዊስ ዶበርማን የሚባል ሰው ነው። ግብር ሰብሳቢ ነበር ይባላል። ለጠባቂ ውሻ ጆሮ፣ ጠላት ጨብጦ የሚጎትተው ነገር ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። እሺ፣ ግን ቀበና ውስጥ የውሻ ጆሮ ይዞ የሚታገል ሌባ አይተህ ታውቃለህ? ሥራው ቀረ፣ መልኩ ብቻ ቀጠለ። ጀርመን ራሷ ከልክላዋለች። እንግሊዝም በ2006 እ.ኤ.አ. በወጣው የእንስሳት ደኅንነት ሕግ ከልክላለች። አሜሪካ ውስጥ ዛሬም ይሠራል፤ ሆኖም የእንስሳት ሐኪሞቹ ማኅበር ለመልክ ብቻ መቁረጥን ይቃወማል።

የጆሮ በሽታውን ነገር በተመለከተ፦ በጆሮ ኢንፌክሽን የሚታወቁት ረጅም የተንጠለጠለ ጆሮ ያላቸው ኮከር ስፓንየልና ባሴት ሃውንድ የሚባሉት ዝርያዎች ናቸው። እነሱን ግን ማንም አይቆርጣቸውም። ነገሩ ለጤና ቢሆን ኖሮ ከእነሱ ነበር የሚጀመረው።

አሁን ያንተ ውሻ። ይሄ ነገር የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 12 ሳምንት ባለው ዕድሜ ነው፤ በሙሉ ማደንዘዣ፣ በሐኪም። ከዚያም ጆሮው እስኪቆም ለሳምንታት፣ አንዳንዴ ለወራት በፕላስተር እየተደገፈ ይታሰራል። ያንተ ዕድሜው አልፏል፤ ቢቆረጥም ላይቆም ይችላል። ቤት ለቤት የሚዞር ሰው ደግሞ ምን ማደንዘዣ ይዞ ሊመጣ ነው?

እንደዚያ ተቆርጦ ወደ እኛ የመጣ አንድ ውሻ ነበር። አንዱ ጆሮ ቆሟል፣ ሌላው ጠባሳው ጎትቶት ወደ ውስጥ ተጠቅልሏል። እጄን ወደ ጭንቅላቱ ሳቀርብ ጠረጴዛው ላይ ተጣብቆ ሽንቱን ለቀቀ። ባለቤቱ ለጥበቃ ነው የገዛሁት አለኝ።

ሰላሌ፦
ዶክተር፣ አያቴ ዘንድ የሀበሻ ውሻም ይቆረጣል እኮ። ጅብ እንዳይዘው ነው የሚሉት። ቀበናም ሌሊት ጅብ አለ።

ዶክተሯ፦
አለ፤ ግን ጅብ አንገትም እግርም አግኝቶ ጆሮ ፍለጋ አይዞርም። ሌሊት ጅብ የሚፈራ ሰው በሩን ይዝጋ፣ ውሻውንም ግቢ ውስጥ ያሳድር።

ባለ ቦክሰሩ፦
እሺ መልክ ነው፣ ተቀብያለሁ። መልክስ ምን አለበት? የኔ ቦክሰር ውሻ ተቆርጦ ነው የመጣው፣ እንደ ልቡ ይጫወታል።

ዶክተሯ፦
ተቆርጦ የመጣውን ምን ታደርገዋለህ፣ በፍቅር ያዘው። ደህና የሆነም ብዙ አለ። እኔ ያልኩት ጤነኛ ቡችላን ለጎረቤት ዓይን ብዬ አላደማም ነው።

የቀበና ልጅ፦
ተባረኪ ዶክተር። እናቴ አሸንፋለች ማለት ነው። ታዲያ ለተንጠለጠለው ጆሮ ምን እናድርግለት?

ዶክተሯ፦
በሳምንት አንዴ ገልጠህ እየው። ከሸተተ፣ ከቀላ ወይም አብዝቶ ካከከ ሐኪም ጋ ውሰደው። ካጠባችሁት በኋላ የሚታየውን ክፍል በንጹሕ ጨርቅ አድርቁለት፤ ኮተን በድ ወደ ውስጥ እንዳትከቱ። ይልቅ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በሦስት ወሩ መጀመር ነበረበት። ሻጩ የክትባት ካርድ ሰጥቷችኋል?

የቀበና ልጅ፦
ካርድ? የሰጠን ሰንሰለት ብቻ ነው።

ዶክተሯ፦
እንግዲያው ነገ ጠዋት ያዘውና ወደ ክሊኒክ።