የቦይለር ውሃ ማሳያ መስታወት፦ ከየት ይገዛ? ማን ይግጠመው?

ጥያቄ፦ ቃሊቲ ሳሙና ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው። ቦይለራችን 8 ባር ግፊት ላይ ነው የሚሠራው። በ3 ወር ውስጥ 2 ጊዜ መስታወቱ ፈነዳብን። ጥሩ መስታወት የሚሸጥ፣ በደንብም የሚገጥም የምታውቁ እባካችሁ ጠቁሙኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ዓይነቱን ለይ። ክብ ቱቦ ነው ወይስ በብረት ታስሮ የተቀመጠ ወፍራም ጠፍጣፋ? ጠፍጣፋ ሆኖ ውስጡ ቦይ ቦይ ካለው ሪፍሌክስ ነው። ውሃው ጥቁር፣ እንፋሎቱ ብርማ ሆኖ የሚታይበት ማለት ነው።

ቱቦ ከሆነ መርካቶ በፈለግከው ልክ ቆርጠው ይሰጡሃል። ርካሽ ነው። ግን ቦሮሲሊኬት (ሙቀት የሚችለው መስታወት) ይሁን ተራ መስታወት፣ ሻጩ ራሱ የማያውቅበት ጊዜ አለ። ተራው ሲሞቅ የቦሮሲሊኬትን ሦስት እጥፍ ገደማ ይለጠጣል። 8 ባር ላይ ያለ ውሃ ደግሞ 175 ዲግሪ ነው። በር ተከፍቶ ቀዝቃዛ ነፋስ ሲመታው አስበው። እኛ ከአንድ ሱቅ የገዛነው በ4ኛው ቀን፣ ያውም በሌሊት ፈረቃ ሄደ። ስብርባሪውን ስናየው አቆራረጡ ሻካራ ነው፣ ጠርዙ በእሳት አልተለሰለሰም። የጥፍር ቁራጭ የምታህል ሽራፊ ነበረችው፤ ስንጥቁ የጀመረው ከእሷ ነው።

ጠፍጣፋውን ከአስመጪ በትዕዛዝ ግዛ። ወርዱን (30 ወይስ 34 ሚሊ ሜትር) እና ርዝመቱን ለክተህ ሂድ፤ «ለቦይለር የሚሆን» ብለህ ብቻ አትጠይቅ። ሰርተፊኬቱ ላይ ዲን 7081 (የጀርመን የጥራት ደረጃ ነው) የሚል ፈልግ። ክሊንገርና ማክሶስ የሚባሉት ብራንዶች ስማቸው የታወቀ ነው። ስም የሌለውም ሰርተፊኬት ካለው አይናቅም። ከሌለው ግን በነፃ ቢሰጡህም ይቅርብህ።

እውነቱን ልንገርህ፣ 2 ጊዜ ከፈነዳ እኔ መስታወቱን ሳይሆን ገጣሚውን ነው የምጠረጥረው። አዲስ መስታወት ገዝተን አሮጌውን ጋስኬት (በመስታወቱና በብረቱ መካከል ገብቶ እንዳያፈስ የሚይዘውን) መልሰን እናስራለን! ጋስኬቱ ሁሌም አዲስ ይሁን። መቀመጫው ላይ የደረቀ ቁራጭ ከቀረ መስታወቱ እሱ ላይ ይንጠለጠልና ቡሎኑ ሲጠብቅ ይሰበራል። ቡሎኖቹ ከመሃል ተጀምሮ ወደ ጫፍ፣ እያፈራረቁ፣ በበርካታ ዙር ነው የሚጠብቁት። አንዴ ከሞቀ በኋላ ዘግተህ፣ ግፊቱን አስወጥተህ፣ አብርደህ ደግመህ ፈትሽ። ግፊት እያለ መፍቻ እንዳታስነካ።

ስለ ገጣሚ ከጠየቅከኝ፣ የቦይለር አቅራቢዎቹ ቴክኒሻኖች ይወደዳሉ፤ ቀጠሮም ያስረዝማሉ። በግል የሚሠሩት ፈጣን ናቸው፤ ከመካከላቸው በጣም ጎበዝ አለ። የእኔ መለያ አንድ ናት፦ ቶርክ መፍቻ (ቡሎኑ የሚጠብቅበትን ኃይል የሚለካውን) ይዞ መጥቷል? ካልያዘ ቡና ጋብዘህ ሸኘው።

ጠያቂው፦ ሪፍሌክስ ነው። ከላይ በኩል ጉም የለበሰ ይመስላል። በአሲድ ብናጥበውስ?

መልስ፦ ቆሻሻ አይደለማ! መስታወቱ እየተበላ ነው። ሙቀቱና የውሃው አልካላይን ያሳሱታል። በቶሎ ቀይረው። አንዳንዱ ሻጭ ሚካ (መስታወቱን ከውሃው የሚከልል ስስ ብርሃን አሳላፊ ማዕድን) ጨምርበት ይልሃል፤ ሚካ ሪፍሌክስ ላይ አይገባም፣ ለለስላሳው ግልጽ መስታወት ነው። የማራገፊያውን ቫልቭ ከፍታችሁ በውስጡ ያለውን ውሃ በቀን ስንቴ ታራግፉታላችሁ?

ጠያቂው፦ በየሰዓቱ።

መልስ፦ በዛ። ባራገፋችሁት ቁጥር መስታወቱ ይታጠባል፣ ይሳሳል። እኛ በፈረቃ አንዴ ነው የምናደርገው። ሲከፈትም የእንፋሎቱ ቫልቭ በትንሹ ይከፈትና መስታወቱ ይሙቅ፣ ከዚያ ውሃው።

ሌላ አስተያየት፦ ቫልቮቹ ውስጥ ያለችውን ኳስም አስፈትሽ። መስታወቱ ሲሰበር መንገዱን የምትዘጋው እሷ ናት። የእኛ በዝገት ተጣብቃ ስለነበር እንፋሎቱ ክፍሉን ሞላው፤ ኦፕሬተሩ ቫልቩ ጋ መድረስ አቃተው።