ጣሪያው ለሚከፈት መኪና፦ ናፍጣ ወይስ ቤንዚን?

የኤስሊንገኑ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በተለይ ጀርመን ያላችሁ አንብቡልኝ። ጣሪያው የሚከፈት መኪና ልገዛ ነው። ያገኘሁት የ2012 ቮልስዋገን ኢኦስ ነው፤ ሞተሩ ሁለት ሊትር ናፍጣ፣ የጢስ ልቀት ደረጃው ዩሮ 5። ሻጩ ሌላም አለው። ያው ኢኦስ፣ ያው ዘመን፣ ግን ቤንዚን። ቤንዚኑ ትንሽ ይወደዳል። ሥራዬ ሽቱትጋርት ነው፤ ከቤቴ 14 ኪሎሜትር ገደማ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ወደ ቦደንዜ ሐይቅ መውጣት እፈልጋለሁ። ባለቤቴ «ናፍጣ ከሆነ እኔ የለሁበትም» ብላለች። ጓደኞቼ «ቤንዚን ከገዛህ ደሞዝህን ማደያ ትጨርሰዋለህ» ይሉኛል። እስቲ ፍረዱን።

የማንሃይሙ፦
ናፍጣ ግዛ፣ አትጠራጠር። እኔ ራሴ ጣሪያው የሚከፈት ናፍጣ ነው የምነዳው። በየቀኑ ከማንሃይም ፍራንክፈርት እመላለሳለሁ፤ አንዱ ጉዞ 80 ኪሎሜትር ያህል ነው። ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ጣሪያ የሌለው መኪና ቀላል ይመስላል እንጂ ከባድ ነው። ጣሪያው ሲቀር አካሉ እንዳይጣመም ከሥር ማጠናከሪያ ብረት ይጨመርበታል። ኢኦስ ላይ ደግሞ ጣሪያው ራሱ ተጣጣፊ ብረትና መስታወት ነው፤ የሚያነሳውና የሚያወርደው የዘይት ፓምፕ ሳይቆጠር። ያን ሁሉ ክብደት ከዝቅተኛ የሞተር ዙር ጀምሮ የሚጎትት ጉልበት ያለው ናፍጣ ነው። 2,000 ዙር ላይ ሆኖ ዳገቱን ይወጣዋል። ማርሽ መቀነስ የለም፣ ሞተር ማስጮህ የለም። ጣሪያ ከፍተህ ዘና ብለህ ስትሄድ የምትፈልገው ይሄንን ነው።

የሙኒኳ፦
ድምፁስ? ጠዋት ሲነሳ ያ ኳኳታ! ጣሪያ ተከፍቶ እሱን መስማት ለእኔ አይሆንም።

የማንሃይሙ፦
እህቴ፣ ኳኳታው ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ነው። ሞተሩ ሞቆ በ100 ስትሄጂ ከነፋሱ ሌላ ምንም አይሰማም።

ነርሷ (ሽቱትጋርት)፦
የኤስሊንገኑ ወንድሜ፣ ከድምፁ በፊት መግቢያህን እይ። ሽቱትጋርት ዩሮ 4 እና ከዚያ በታች የሆኑ ናፍጣዎችን ከ2019 መጀመሪያ ጀምሮ ከልክላለች። ከ2020 ጀምሮ ደግሞ መሃል ከተማው ባለበት ሸለቆና ባድ ካንሽታትን በመሳሰሉ ሰፈሮች ዩሮ 5 ናፍጣም ተከልክሏል። ልዩ ፈቃድ የሚሰጥባቸው ሁኔታዎች አሉ፤ ደንቡም ይለዋወጣል። ስለዚህ ከመግዛትህ በፊት የከተማውን የአሁኑን ደንብ አጣራ። መስታወትህ ላይ የመኪናውን የጢስ ደረጃ የሚያሳየው አረንጓዴ ምልክት ተለጥፏል ማለት መግባት ትችላለህ ማለት አይደለም። ብዙ ሐበሻ በዚህ ተሸውዷል።

ሁለተኛው ነገር ጤና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል በ2012 የናፍጣ ጢስ ካንሰር አምጪ ነው ብሎ መድቦታል። ሳንባ ክፍል ነው የምሠራው፤ ሳል ይዟቸው የሚመጡትን በየቀኑ አያለሁ። በተዘጋ መኪና ውስጥ ቢያንስ የአየር ማጣሪያ አለህ። ጣሪያ ከፍተህ መኪና በሚጨናነቅበት ኔካርቶር መንገድ መብራት ላይ ስትቆም የፊተኛው መኪና ጢስ ቀጥታ ወደ አንተ ነው።

የካሰሉ፦
ያልሽው ሁሉ እውነት ነው እህቴ፤ ግን እዚያ የምትተነፍሺው የሌላውን ሰው ጢስ እንጂ የራስሽን መኪና አይደለም። ቤንዚን ብትገዢም ከፊትሽ የቆመው ናፍጣ አይጠፋም። ቤንዚንም ንጹሕ አይደለም። ነዳጁን ቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጩት አዳዲስ ሞተሮች ደቃቅ ብናኝ ያወጣሉ። ለዚህ ነው ከ2018 ወዲህ የሚሸጡት አብዛኞቹ ማጣሪያ የተገጠመላቸው። የ2012ቱ ቤንዚን ኢኦስ ግን ያ የለውም።

ጋሽ መካኒኩ፦
ልጆቼ፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት ጋራዥ ውስጥ ነው፤ መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ ኋላም እዚህ። የማንሃይሙ ልጅ ለራሱ ኑሮ ልክ ነው። የኤስሊንገኑ ኑሮ ግን ሌላ ነው።

ናፍጣ ካንዴላ የለውም። አየሩን አምቆ፣ በዚያው በታመቀው አየር ሙቀት ነዳጁን ያቃጥላል። ሩዶልፍ ዲዝል በ1897 አውግስቡርግ ላይ ሠርቶ ካሳየበት ጊዜ ጀምሮ አሠራሩ ይሄው ነው። ነዳጅ የሚቆጥበውም ለዚሁ ነው። ግን ቀስ ብሎ ነው የሚሞቀው፤ ጥላሸትም ያወጣል። ጥላሸቱ ወደ ውጭ እንዳይበተን በጢስ መውጫው መስመር ላይ ማጣሪያ ተገጥሟል። ማጣሪያው ሲሞላ ሞተሩ ራሱ ተጨማሪ ነዳጅ ረጭቶ ጥላሸቱን ያቃጥለዋል። ለዚህ ወደ 600 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ይፈልጋል። ማንሃይም ፍራንክፈርት ላይ ይሄ ሥራ አውቶባን (ፈጣን መንገድ) ላይ ያልቃል፤ ነጂው አያውቀውም። ኤስሊንገን ሽቱትጋርት ላይ ግን በየመብራቱ እየቆምክ ሄደህ፣ ሙቀቱ ሊደርስ ሲል ሥራ ቦታ ትደርሳለህ። ሞተር ታጠፋለህ። በነጋታውም እንደዚያው።

ምልክቱን ልንገርህ። መኪናውን አጥፍተህ ስትወርድ የፊቱ ቬንቲላተር መዞሩን አያቆምም። የጋለ ብረት ይሸትሃል። ከመጥፋቱ በፊትም ቆሞ ሳለ የሞተሩ ዙር ከወትሮው ከፍ ብሎ ነበር። ማቃጠል ጀምሮ አቋረጥከው ማለት ነው። ይሄ ሲደጋገም ያልተቃጠለው ናፍጣ በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ከሞተር ዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። መለኪያውን መዘህ ስታይ ዘይቱ ከነበረበት ከፍ ብሎ ታገኘዋለህ። ዘይት እየጨመረ የሚሄድ ሞተር አደጋ ላይ ነው። የቀጠነ ዘይት መጀመሪያ የሚበላው ቱርቦውን፣ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋውን ክፍል ነው።

ጣሪያው የሚከፈት መኪና ደግሞ በባሕርዩ አጭር መንገድ ይበዛበታል። ፀሐይ ሲወጣ ይነሳል፣ አይስክሬም ተበልቶ ይመለሳል፣ ክረምቱን ሽፋን ለብሶ ይቆማል። ናፍጣ እንዲህ ያለ ኑሮ አይስማማውም።

የማንሃይሙ፦
ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ፤ ግን ሰውየው ቅዳሜ ቅዳሜ ቦደንዜ ይሄዳል። ያ ረጅም መንገድ ነው፤ ማጣሪያው በሳምንት አንዴ ይጸዳለታል።

ጋሽ መካኒኩ፦
ዝናብ ያልጣለ ቅዳሜ ስንት እንደሆነ አንተም ታውቀዋለህ ልጄ።

የኮለኗ፦
የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ቁጥሩን ላስቀምጥላችሁ። የጀርመን የመኪና ግብር ለቤንዚን በየ100 ሲሲ የሞተር መጠን 2 ዩሮ ነው፣ ለናፍጣ 9.50። በሁለት ሊትር (2,000 ሲሲ) ሞተር ሲሰላ ቤንዚኑ በዓመት 40 ዩሮ፣ ናፍጣው 190 ይሆናል። የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ክፍያ በሁለቱም ላይ ይታከላል፤ እሱን ለጊዜው ትቼዋለሁ። ስለዚህ ናፍጣው ገና ሳይነሳ የ150 ዩሮ ዕዳ አለበት።

አሁን ነዳጁ። ናፍጣው በ100 ኪሎሜትር 6.5 ሊትር፣ ቤንዚኑ 8.5 ይጠጣል እንበል። ዋጋውንም ናፍጣ 1.65፣ ቤንዚን 1.75 ዩሮ እናድርገው። ናፍጣው በየ100 ኪሎሜትሩ 4 ዩሮ ከ15 ሳንቲም ያተርፋል። የግብሩን ልዩነት ለመመለስ ብቻ በዓመት 3,600 ኪሎሜትር መንዳት አለብህ። 6,000 ብትነዳ ትርፍህ 100 ዩሮ ገደማ ነው። አንድ የማጣሪያ ወይም የነዳጅ መርጫ (ኢንጀክተር) ጥገና የብዙ ዓመት ትርፍህን ጠርጎ ይወስደዋል። 20,000 ብትነዳ ግን ወደ 680 ዩሮ ትቆጥባለህ። የማንሃይሙ ወንድማችን በኪሱ በኩል እውነት አለው።

ሌላም አማራጭ አለ፤ የወቅት ታርጋ። ከአፕሪል እስከ ኦክቶበር ብለህ ብታወጣ ግብሩንም ኢንሹራንሱንም የምትከፍለው ለሰባት ወር ብቻ ነው። በቀሩት ወራት ግን መንዳት ቀርቶ የሕዝብ መንገድ ላይ ማቆምም አትችልም። የራስህ ጋራዥ ወይም ግቢ ያስፈልግሃል። ጋራዥ ከሌለህና ክረምት ከበጋ የምትነዳው እሱን ብቻ ከሆነ ይሄ ለአንተ አይሆንም።

የበርሊኑ፦
ሁላችሁም ስለ ማጣሪያና ስለ ሳንቲም ታወራላችሁ። እኔን የሚያንገበግበኝ ፍትሑ ነው። ናፍጣ ግዙ ብሎ የገፋፋን ማን ነው? መንግሥት ራሱ ነው። በሊትር ቤንዚን ላይ 65.45 ሳንቲም፣ ናፍጣ ላይ 47.04 ሳንቲም ነው የነዳጅ ግብሩ። ሕዝቡ ቁጥር አይቶ ገዛ። ፋብሪካዎቹም «ንጹሕ ናፍጣ» እያሉ ሸጡልን። በሴፕቴምበር 2015 አሜሪካኖች የቮልስዋገንን ማጭበርበር አጋለጡ፤ በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ያህል መኪና፣ ፈተና ላይ ሲሆን ጢሱን የሚቀንስ፣ መንገድ ላይ ሲወጣ የሚለቅ ሶፍትዌር ተጭኖበት ነበር። ከዚያ በ2018 ላይፕሲግ ያለው ፍርድ ቤት ከተሞች ናፍጣ መከልከል ይችላሉ ብሎ ፈረደ። ዱላው ያረፈው ማን ላይ ነው? ተበድሮ በገዛው ሠራተኛ ላይ። ባለሀብቱ አዲስ ዩሮ 6 ገዝቶ ያልፋል። ጽዳት የሚሠራው፣ ሌሊት ፈረቃ የሚገባው ወገናችን ነው አሮጌ ናፍጣውን በግማሽ ዋጋ የሸጠው።

ነርሷ (ሽቱትጋርት)፦
ቁጣህ ይገባኛል። ያጭበረበረው ፋብሪካ ለእያንዳንዱ ባለመኪና ተገቢውን መካስ ነበረበት፤ በዚህ አንለያይም። ግን ሌላውንም ድሃ እይልኝ። ሽቱትጋርት ጎድጓዳ ሸለቆ ውስጥ ነው ያለችው፤ ነፋስ በሌለበት ቀን አየሩ መውጫ የለውም። በዋናው መንገድ ዳር፣ ኪራዩ በሚረክስበት ፎቅ ላይ የሚኖረው ማን ነው? ያው ወገንህ ነው። ቪላ ያለው ከላይ ኮረብታው ላይ ነው። ከናፍጣ ጢስ የሚወጣው ሳንባ ጎጂ ጋዝ፣ የናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ፣ ሕጋዊ ገደብ በዓመት አማካይ 40 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ ነበር፤ ያ ቁጥር ለዓመታት ሲጣስ ነዋሪው ዝም ብሎ ተነፈሰ። አሁን አውሮፓ ለ2030 ወደ 20 እንዲወርድ ወስኗል። መስኮቱን በበጋ መክፈት የማይችል ልጅም ፍትሕ ይገባዋል።

የበርሊኑ፦
ልጁ ይቅደም፣ እሺ። ግን ሐምቡርግ በ2018 የጀመረችውን ክልከላ በ2023 አንስታለች፤ አየሩ ስለተሻሻለ። ሰውየው መኪናውን ከስሮ ከሸጠ በኋላ ማለት ነው።

ነርሷ (ሽቱትጋርት)፦
አየሩ የተሻሻለው እኮ አሮጌዎቹ ናፍጣዎች ከመንገድ እየወጡ በመሄዳቸውም ጭምር ነው። እኔ የምለው ክልከላው ይሁን፣ ካሳው ግን ከፋብሪካው ይምጣ ነው። ሁለቱ አብረው መሄድ ይችሉ ነበር።

የካሰሉ፦
በዚህ እስማማለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በአየር ንብረት በኩል ናፍጣ አሁንም ትንሽ ይሻላል። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይበልጣል፤ 2.6 ኪሎ ገደማ፣ ቤንዚኑ 2.3 ገደማ። ግን የሚቃጠለው ሊትር ስለሚያንስ በኪሎሜትር ሲሰላ ናፍጣው ያንሳል። በሳንባ ቤንዚን፣ በካርቦን ናፍጣ። ከተማ ውስጥ ለሚኖር ሰው እኔ ሳንባውን አስቀድማለሁ።

የሙኒኳ፦
አንድ ጥያቄ። ሲያረጅ ወደ አገር ቤት ልላከው ብሎስ?

የአዲስ አበባው፦
እሱን ከሐሳባችሁ አውጡት። ኢትዮጵያ ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክላለች፤ የሚፈቀደው ኤሌክትሪክ ነው። ናፍጣም ቤንዚንም ያው ነው። እዚያው ገዝታችሁ እዚያው ሽጡት።

የኤስሊንገኑ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋራዥ የለኝም፣ ክረምትም የምነዳው እሱን ብቻ ነው። በዓመት የምነዳው 7,000 ኪሎሜትር ቢሆን ነው። መሃል ከተማ መግባት ደግሞ ግዴታዬ ነው። ቤንዚኑን ላየው ቅዳሜ እሄዳለሁ። ጋሼ፣ ምን ምን ልይ?

የማንሃይሙ፦
በ7,000 ኪሎሜትርማ ቤንዚን ይሁንልህ። እኔ ግን ናፍጣዬን አልለቅም።

ጋሽ መካኒኩ፦
ቤንዚን ስለሆነ ብቻ ጤነኛ ነው አትበል። በዚያ ዘመን ከነበሩት ትናንሽ ባለቱርቦ ቤንዚን ሞተሮች በሞተሩ ውስጥ ያለው ሰንሰለት ችግር የነበረባቸው አሉ። ስለዚህ ሲነሳ ጆሮህን ኮፈኑ ላይ አድርግ። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ላይ የሰንሰለት መንኳኳት ከሰማህ፣ ሰንሰለቱ ለመለወጡ ደረሰኝ ጠይቅ። ደረሰኝ ከሌለ ዋጋውን ቁረጥ፣ ካልሆነም ተወው።

ቀጥሎ ጣሪያው። እስከ መጨረሻው ክፈተው፣ ዝጋው፣ ድገመው። መሃል ላይ የሚያመነታ ከሆነ ወይም የኋላ ሻንጣው ምንጣፍ ዘይት ከነካው ጣሪያውን ከሚያንቀሳቅሱት የዘይት ሲሊንደሮች አንዱ ያፈሳል። የፊቱን ምንጣፍ አንስተህ ከሥሩ ያለውን ስፖንጅ በእጅህ ተጫነው። እርጥብ ከሆነ የውኃ መውረጃ ቀዳዳዎቹ ተደፍነዋል፤ ከሥሩ ያሉት የኤሌክትሪክ ሽቦዎችም አልተረፉም።

ናፍጣውንም ሰው ሊገዛው ነውና ለሌሎቻችሁ ልንገር። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ጣታችሁን ማርሚታው ጫፍ ውስጥ አዙሩ። ማጣሪያው ደህና ከሆነ ጣታችሁ ብዙም አይጠቁርም። ወፍራም ጥቁር ጥላሸት ከወጣ ማጣሪያው ተሰንጥቋል ወይም ሆን ብለው አውጥተውታል። እሱን አትንኩ።

ኤስሊንገን፣ አንድ ነገር አትርሳ። ሞተሩን ቀዝቃዛ ሆኖ ነው ማየት ያለብህ። ከመሄድህ በፊት ለሻጩ ደውለህ «ሳልደርስ አታስነሳው» በለው። ስትደርስ ኮፈኑን ንካ። ትኩስ ከሆነ ሌላ ቀን እመጣለሁ ብለህ ተመለስ።