የጎረቤት ድመቶች የጓሮ መደባችንን መጸዳጃ አደረጉት፤ ምን ይሻላል?

ጠያቂ፦ ባለ ጓሮ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ከቤታችን በስተጀርባ ባለች ትንሽ ጓሮ ሰላጣ፣ ካሮት፣ ቆስጣና ጥቂት አበቦች እናለማለን። አፈሩን ኮትኩተንና አለስልሰን ዘር በዘራን ማግስት የሰፈሩ ድመቶች ይመጡና መደቡን ይጭሩታል፤ ከተጸዳዱ በኋላም አፈሩን መልሰው ስለሚያለብሱት በእጅ እስኪነካ ድረስ የት እንዳለ አይታወቅም። ሰሞኑን ገና ሁለት ቅጠል ያወጡ የካሮት ቡቃያዎች ከነሥራቸው ተገልብጠው ፀሐይ ላይ ደርቀው አገኘኋቸው። ከድመቶቹ አንዳንዶቹ ባለቤት ያላቸው ሲሆኑ ሌሎቹ ግን የማንም አይመስሉም።

የሚያሳስበኝ የቡቃያው መበላሸት ብቻ አይደለም። ነፍሰ ጡር እህቴ አብራን ትኖራለች፤ አፈር ላይ መጫወት የሚወድ ሕፃንም አለን። የድመት ዓይነ ምድር ለሁለቱም እንደማይበጅ ሰምቻለሁ፤ አደጋው ምን ያህል እንደሆነና ከዚያ መደብ የተነቀለውን አትክልት መብላት ይቻል እንደሆነ የሚያስረዳኝ ሰው ግን አላገኘሁም።

አንድ ጎረቤታችን በመደቦቹ መካከል ናፍታሊን እንድበትን፣ ሌላው ደግሞ የአይጥ መርዝ በምግብ ለውሼ እንዳስቀምጥ መክረውኛል። ሁለተኛውን ምክር ለመስማትም አልፈልግም። እንስሳቱ ተፈጥሯቸውን ተከተሉ እንጂ ክፋት አልሠሩም፤ ከባለቤቶቻቸውም ጋር መቀያየም አልሻም። ድመቶቹን ሳልጎዳ ጓሮዬን ንጹሕ የማደርግበትን መንገድ የምታውቁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

መልስ፦ የመደብ ሰው

ድመት ለመጸዳዳት የምትመርጠው ደረቅ፣ የደቀቀና በፊት እግሮቿ በቀላሉ የሚጫር አፈር ነው። እርስዎ ለዘር ብለው ያለሰለሱት መደብ ይህን ሁሉ አሟልቶ ይጠብቃታል። አንዴ ከተጠቀመችበት በኋላም የራሷን ሽታ ተከትላ ትመለሳለች። ስለዚህ ድመቷን ስናባርር ከመዋል ይልቅ አፈሩ እንዳይጫር ማድረግ ይቀላል፤ እኔ ከሌላው ዘዴ ሁሉ ይህን አስቀድማለሁ።

ዘር እንደዘሩ ወይም ችግኝ እንዳዛወሩ፣ ቀዳዳው ከ2.5 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ የዶሮ ሽቦ በመደቡ ላይ ጠፍጣፋ አድርገው ይዘርጉ። ጠርዞቹን በድንጋይ ይጫኑ ወይም በታጠፈ ሽቦ መሬት ላይ ይቸንክሩ፤ የተቆረጡት የሽቦ ጫፎች የድመቷን እግርም ሆነ የእርስዎን እጅ እንዳይወጉ ወደ ታች ይታጠፉ። ድመቷ መምጣቷ አይቀርም፤ ታሸታለች፣ ትጭራለች፣ ጥፍሯ ሽቦው ላይ ሲያርፍ እግሯን አንሥታ ትንሽ ራቅ ብላ ትሞክራለች፣ እዚያም ያው ሲሆንባት ትታው ትሄዳለች። ቡቃያው በበኩሉ በቀዳዳዎቹ እየሾለከ ያድጋል፤ ቅጠሉ ሲሰፋ ሽቦው ጨርሶ ከዓይን ይሰወራል። እንደ ጎመን ግንዱ ለሚወፍር ተክል ግን ሽቦውን ግንዱ ሳይወፍር ማንሣት፣ ወይም ከመጀመሪያው በቅስት መልክ ከፍ አድርጎ መዘርጋት ያስፈልጋል።

ሽቦ ካልተገኘ ቀጫጭን እንጨቶችን ከስንዝር ባነሰ ርቀት በመደቡ ላይ ማቆም ይረዳል፤ ምክንያቱም ድመት ለመቀመጥም ሆነ ዞራ ለመቅበር ክፍት ቦታ ትፈልጋለች። በአበቦቹ ዙሪያ ጠጠር ወይም ሸካራ የዛፍ ቅርፊት ይጎዝጉዙ እንጂ የደቀቀ ሰጋቱራ አይጠቀሙ፤ ሰጋቱራ ድመቶችን ይበልጥ ይጋብዛቸዋል። ድመቶች በብዛት የሚንቀሳቀሱት ሲመሽና ሲነጋ በመሆኑ፣ ተክሉ የሚወደው ከሆነ መደቡን ወደ ማታ ማጠጣትም ጥሩ ነው፤ እርጥብ አፈር አይመርጡምና። ይህ ሁሉ ልፋት ደግሞ ለዘለቄታው አይደለም። ቅጠሉ ተጋጥሞ መሬቱን ሲሸፍነው የሚጫር ቦታ ስለማይተርፍ፣ ብርቱ ጥበቃ የሚያሻው ከዘር እስከዚያ ባለው ጊዜ ብቻ ነው።

የብርቱካንና የሎሚ ልጣጭ መበተን ብዙ ሰው ይመክራል። ድመቶች ሽታውን ባይወዱትም ፀሐይና ዝናብ ቶሎ ስለሚያጠፋው እኔ አልተማመንበትም። በሰው ጆሮ የማይሰማ ቀጭን ድምፅ የሚያወጡ መሣሪያዎችም አሉ፤ የሰው ጆሮ የሚሰማው እስከ 20 ኪሎ ኸርዝ ገደማ ሲሆን የድመት ግን ከ60 ኪሎ ኸርዝ በላይ ይደርሳል። አንዳንዷ ድመት ትሸሸዋለች፣ አንዳንዷ ትለምደዋለች። ወጪ ማውጣት ካልቀረ እንቅስቃሴ ሲሰማው ውኃ የሚረጨው መሣሪያ የተሻለ ነው፤ ድመቷን ያስደነግጣታል እንጂ አይጎዳትም።

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም

ናፍታሊኑን ፈጽሞ እንዳይሞክሩት እለምንዎታለሁ። ናፍታሊን ቀይ የደም ሕዋሳትን የሚጎዳ መርዝ ነው፤ የድመት ጉበት ደግሞ ሌሎች እንስሳት በቀላሉ የሚያስወግዷቸውን ብዙ ኬሚካሎች የማስወገድ አቅሙ ደካማ ነው። ከሁሉም በላይ ነጩ እንክብል ከረሜላ ስለሚመስል አፈር ላይ የሚጫወት ሕፃን ባለበት ቤት ሊበተን አይገባውም። በርበሬ መነስነስም ያው ጭካኔ ነው፤ ድመቷ መዳፏን ስትልስ አፏንና ዓይኗን ያቃጥላታል። ተጨምቀው የወጡ የሎሚና የመሳሰሉት ዘይቶችም ቆዳዋ ላይ ካረፉ ይመርዟታል።

ወደ ጤናው ጉዳይ ስመጣ፣ ስለ እህትዎ መጠንቀቅዎ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ጥንቃቄው ትክክለኛውን ቦታ እንዲይዝ ነገሩን በዝርዝር ማየት ይጠቅማል። ቶክሶፕላዝማ የተባለው በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ እንቁላል መሰል ቅንጣቶቹን የሚያወጣው በድመትና በድመት ዘመዶች አንጀት በኩል ብቻ ነው። አንዲት ድመት ቅንጣቶቹን የምታወጣው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ በተያዘችበት ወቅት ከ1 እስከ 3 ሳምንት ነው፤ በዚያ አጭር ጊዜ ግን በሚሊዮኖች የሚቆጠሩትን ትጥላለች። ትኩስ ዓይነ ምድር ወዲያው በሽታ አያስይዝም፤ ቅንጣቶቹ ለመብሰል ከ1 እስከ 5 ቀን ይፈጅባቸዋል። ስለዚህ በየቀኑ ማንሣት ትልቅ ትርጉም አለው። ካልተነሣ ግን እርጥበት ባለው አፈር ውስጥ ከዓመት በላይ ሊቆዩ ይችላሉ።

ጤነኛ ሰው በዚህ ተሕዋስ ቢያዝ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሰማውም። አደጋው አንዲት ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ በእርግዝናዋ ወቅት ስትያዝ ነው፤ ወደ ፅንሱ ተላልፎ ውርጃን፣ ወይም በሕፃኑ ዓይንና አንጎል ላይ ጉዳትን ሊያስከትል ይችላል። እህትዎ ከዚህ በፊት ተይዛ እንደሆነና እንዳልሆነ በደም ምርመራ ማወቅ ስለሚቻል ለእርግዝና ክትትል ስትሄድ ሐኪሟን ትጠይቅ። እስከዚያው የመደቡን ሥራ ሌላ ሰው ይሥራላት፤ ግድ ከሆነም ጓንት አድርጋ ትሥራ፣ ከዚያም እጇን በሳሙና ትታጠብ። ሰዎች በደንብ ካልበሰለ ሥጋም በብዛት ስለሚያዙ ጥንቃቄው ከጓሮ አልፎ ወደ ማብሰያ ቤት መግባት አለበት። ድመትን መዳበስ ግን ዋነኛ መተላለፊያ አይደለም፤ እንስሳዋን እንድትፈራ አያድርጓት።

ስለ አትክልቱ የጠየቁት ቁልፍ ነገር ነው። ካሮቱን በሚፈስ ውኃ እያሹ አጥበው፣ ልጠው ይብሉት። በደንብ የበሰለ ማንኛውም አትክልት አያሰጋም። ብዙ ሰው በኮምጣጤ ወይም በበረኪና የተዘፈዘፈ ሰላጣ ከሁሉም ነገር የጸዳ ይመስለዋል፤ ሆኖም የቶክሶፕላዝማ ቅንጣቶች ሁለቱንም ስለሚቋቋሙ፣ ተስፋ የሚጣለው ቅጠል በቅጠል ለይቶ በሚፈስ ውኃ በማጠብ ላይ ነው። ድመቶች ከተጸዳዱበት መደብ የተቆረጠ ሰላጣ ለእህትዎ በጥሬው ባይቀርብላት እመርጣለሁ።

ለሕፃኑ ይበልጥ የማስበው ስለ ድመት ወስፋት ነው። እንቁላሉ አፈር ውስጥ ጥቂት ሳምንታት ከቆየ በኋላ ሕፃኑ ከአፈር ጋር ቢውጠው፣ የተፈለፈለው እጭ በጉበትና በሳንባ አልፎ አልፎም በዓይን ላይ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ሕፃኑ የሚጫወትበትን ቦታ ለይተው በማይጠቀምበት ሰዓት ይክደኑት።

ዓይነ ምድሩን ሲያነሡ ጓንት አድርገው፣ በዙሪያው ካለው ጥቂት አፈር ጋር በትንሽ አካፋ አፍሰው፣ በከረጢት ቋጥረው ከቆሻሻ ጋር ያስወግዱት። ለአትክልት በሚሆን ኮምፖስት ውስጥ አይጨምሩት፤ የቤት ኮምፖስት እነዚህን ተሕዋስያን ለመግደል የሚበቃ ሙቀት አያስተማምንም።

መልስ፦ ድመት አሳዳጊ

እኔ ከወዲያኛው አጥር ያለሁ ሰው ነኝና በባለቤቶቹ በኩል ያለውን ልጨምር። አብዛኛው ድመት አሳዳጊ ድመቱ የት እንደምትጸዳዳ አያስብም፤ ከዓይኑ ርቃ ስለምትሄድ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ስለዚህ ሲያነጋግሯቸው ነፍሰ ጡር እህትዎንና ሕፃኑን አስቀድመው ያንሡ፤ ለወቀሳ እንዳልመጡ ሲረዱ ይሰማሉ። የሚጠይቋቸውም ተጨባጭ ነገር ይሁን፦ በራሳቸው ግቢ ጸጥ ባለ ጥግ ደረቅ አሸዋ እንዲያዘጋጁና በየቀኑ እንዲጠርጉት፣ ድመቶቻቸውን የወስፋት መድኃኒት እንዲያስወስዱ፣ እንዲያመክኗቸውም። ድመት ንጹሕና ቅርብ ቦታ እያላት ሩቅ መሄድ አታበዛም።

ባለቤት የሌላቸውን ይዞ ሌላ ሰፈር መጣል መፍትሔ አይሆንም። ምግብና መጠለያ እስካለ ድረስ ሌሎች መጥተው ቦታውን ይይዙታል፤ የተጣሉትም ይንገላታሉ። በእንስሳት ሐኪም አምክኖ ወደነበሩበት መመለስ ቁጥራቸው እንዳይበዛ ያደርጋል። የቆሻሻ ማጠራቀሚያዎን ክዳን መግጠም፣ ትርፍራፊም ደጅ አለማሳደር ደግሞ ዛሬውኑ የሚጀመር ነው።

ጠያቂ፦ ባለ ጓሮ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሽቦውን ነገ እዘረጋለሁ፤ እህቴም ስለ ምርመራው ሐኪሟን ለመጠየቅ ወስናለች። ሁለት ነገር ልጨምር። የአጥራችን በር ሥር ደጋግመን ብናጥበውም ከባድ የሽንት ሽታ አለው፤ ይህም ከመደቡ ጋር የተያያዘ ነው? እንዲሁም አሸዋውን በእኔ ጓሮ ጥግ ባደርገው ይጠቅማል ወይስ ይበልጥ ይስባቸዋል?

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም

በሩ ላይ ያለው የተለየ ነገር ነው። ለመጸዳዳት የምትፈልግ ድመት መሬት ላይ ትቀመጣለች፤ ግዛቷን ምልክት የምታደርግ ግን ቆማ፣ ጭራዋን ቀጥ አድርጋ፣ ሽንቱን ወደ ኋላ በር ወይም ግድግዳ ላይ ትረጫለች። ይህን በብዛት የሚያደርጉት ያልተኮላሹ ወንዶች ሲሆኑ፣ ከተኮላሹ ከ10 ወደ 9 የሚጠጉት ይተዉታል ወይም በእጅጉ ይቀንሱታል። በሩን አሞኒያ ባለበት ማጽጃ አይጠቡት፤ ሽታው ሽንት ስለሚመስል መልሶ ይጠራቸዋል። በረኪናም ከሽንት ጋር ሲገናኝ ለሳንባ ጎጂ የሆነ ጋዝ ያወጣል። ኢንዛይም ያለበትን የልብስ ሳሙና በለብ ያለ ውኃ በጥብጠው ያጥቡት፤ ጥቂት አቆይተው በንጹሕ ውኃ ያለቅልቁት፤ ከዚያ ፀሐይ ያድርቀው።

መልስ፦ የመደብ ሰው

አሸዋው የሚጠቅመው መደቦቹ ሁሉ ከተሸፈኑ በኋላ ነው፤ መደቡ ክፍት ሆኖ አሸዋ ቢጨምሩ ሁለተኛ መጸዳጃ መክፈት ይሆናል። ከአትክልቱም ሕፃኑ ከሚጫወትበትም የራቀ፣ ዝናብ የማያገኘው ጥግ ይምረጡና በየቀኑ ይጥረጉት። ዕለት ዕለት የሚጠርገው ሰው ከሌለ ግን ይቅርብዎ፤ ሽቦው ብቻውን ይበቃል።