ለማረሚያ ቤቶች መጨናነቅ የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ፦ ሁለተኛው ረቂቅ

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ደርሷችኋል። ተጨማሪ ማረሚያ ቤት፣ በየዓመቱ ሰፊ ይቅርታ፣ ለቀላል ወንጀል ከእስር ውጭ የሆነ ቅጣት ይላል። እስከ ዓርብ አስተያየት ስጡበት።

ጡረተኛው የማረሚያ ቤት ባልደረባ፦ የመጀመሪያው ይውጣ። በሠራሁበት ግቢ አዲስ ክፍል ተሠርቶ ዓመት ሳይሞላው ወለሉ በፍራሽ ሞላ፤ ሌሊት አንዱ ሲገላበጥ የጎኑም ሰው አብሮ ይገላበጣል። ይቅርታውም ለጊዜው ያስተነፍሳል እንጂ አያድንም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ከ4,000 በላይ ታራሚዎች በይቅርታ ወጡ። መልካም ነበር፤ መግቢያው ግን አልጠበበም።

ጠበቃዋ፦ ጋሼ ልክ ብለዋል። ረቂቁ ገና ያልተፈረደበትን ሰው ረስቶታል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የዋስትና መብት ሰጥቷል፤ ፍርድ ቤትም ይፈቅዳል። ጉዱ ከዚያ ወዲያ ነው። አንድ ደንበኛዬ የቀን ሠራተኛ ነው፤ አምስት ሺህ ብር አስይዞ እንዲወጣ ታዘዘ። ገንዘቡ የለው፣ ዘመዶቹ ገጠር፤ የደመወዝ ደብዳቤ አጽፎ ዋስ የሚሆነው ከየት ይምጣ? ዋስትናው ተፈቅዶለት እዚያው ከረመ። መጠኑ ከገቢ ጋር ይመዛዘን፤ ምንም ለሌለው ደግሞ የሰፈሩ ዕድር ይዋሰው እንበል።

ገንዘብ ያዥ፦ እህቴ፣ ሰውየው ቢጠፋ ዕድሩ ከለቀስተኛ ገንዘብ ላይ ሊከፍል ነው? የእኛ ዕድር ዳኛ ይህን ቢሰሙ ስብሰባውን ጥለው ይወጣሉ።

ጠበቃዋ፦ ገንዘብ አይደለም የምለው። ሰውየው የሰፈሩ ነዋሪ መሆኑን አረጋግጦ፣ የቀጠሮ ቀን የሚያስታውሰው ሰው ይመድብ።

የሕግ መምህሩ፦ ሦስተኛው ነጥብ አዲስ ሕግ የሚያስፈልገው መስሏል። አያስፈልገውም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 103 አጭር ቀላል እስራትን በግዴታ ሥራ መተካትን ፈቅዷል። የጎደለው ተቆጣጣሪ ነው። ዳኛው ጥፋተኛውን መንገድ ጥረግ ብሎ ቢልከው፣ መጥረጉን ማን አይቶ ሪፖርት ያቀርባል? ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣችው ሕግ ይህን ሥራ የሚከታተሉ መኮንኖች አሏት። ስለዚህ የምንጠይቀው አንቀጽ ሳይሆን ሠራተኛና በጀት ይሁን። በነገራችን ላይ፣ «ከእስር ውጭ» ስንል ተበዳዩን እንዳንረሳ፤ ካሳ ሳይከፈለው ጥፋተኛውን መጥረጊያ ይዞ ቢያየው ሕጉን ነው የሚራገመው።

ጸሐፊ፦ ግንባታው ወጥቷል፤ ይቅርታው ወደ አንድ መስመር ያጥራል። የዋስትናውን አንቀጽ ጠበቃችን፣ የተቆጣጣሪውንና የካሳውን መምህሩ እስከ ማክሰኞ ይጽፋሉ። ዕድሩን በቅንፍ አቆየዋለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ በቅንፍም ቢሆን «ገንዘብ አይጠየቅም» የሚለው ይጻፍልኝ።