ሳያኖታይፕ ሲታጠብ እየገረጣ አስቸገረኝ፤ ከሱ ቀጥሎስ የትኛውን የድሮ ዘዴ ልሞክር?

ብሩሽና ውሃ (ጠያቂዋ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ ሥዕል ነው፤ ፎቶም አነሳለሁ። ፎቶዎቼን ስክሪን ላይ ብቻ ማየት ሰለቸኝ። በእጅ ቀብቼ በብርሃን የማትማቸው እንዲሆኑ ስለፈለግሁ በሳያኖታይፕ (በብረት ኬሚካልና በብርሃን ሰማያዊ ምስል በሚያወጣው የድሮ የፎቶ ህትመት ዘዴ) ጀመርኩ።

አሠራሬ ይህ ነው። ፌሪክ አሞኒየም ሲትሬት 25 ግራም በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ እበጠብጣለሁ። ፖታሲየም ፌሪሲያናይድ 10 ግራም ደግሞ በሌላ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ። ሁለቱን እኩል ቀላቅዬ ወረቀት ላይ በብሩሽ እቀባለሁ። ሲደርቅ ኔጋቲቩን (ብርሃኑና ጥላው የተገለበጠውን ምስል) አስቀምጬ፣ መስታወት ጭኜበት ፀሐይ ላይ 5 ደቂቃ አቆየዋለሁ። ኔጋቲቩን ያተምኩት በኢንክጄት ፕሪንተር ነው፣ ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ላይ።

ከፀሐይ ሳነሳው የሚያምር ሰማያዊ ነው። ውሃ ውስጥ ሲገባ ግን አብዛኛው ቀለም ታጥቦ ይሄዳል። የሚቀረው ገረጣ ያለ ነገር ነው። አንዳንዴ ደግሞ ነጭ መሆን ያለበት ቦታ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። ወረቀቱ ተራ የሥዕል ደብተር ወረቀት ነው።

ሌላም ጥያቄ አለኝ። ይህ ከተስተካከለ በኋላ ወዴት ልሂድ? ቡናማ የሆኑትን የድሮ ህትመቶች በጣም እወዳቸዋለሁ። ቤት ውስጥ ግን ልጆች አሉ፤ አደገኛ ኬሚካል ማስገባት አልፈልግም።

የጨለማ ክፍል፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ጊዜውን እንይ። 5 ደቂቃ አጭር ይመስለኛል። ሳያኖታይፕ ዓይንን ያታልላል፤ ገና ሳይደርስ የደረሰ ይመስላል። የቀባሽው ወረቀት ሲጀምር ቢጫ አረንጓዴ ነው። ብርሃን ሲያገኝ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ያነሳዋል። ነገር ግን ገና ነው። ጥቁር መሆን ያለበት ቦታ ሰማያዊነቱን አልፎ አመድማ፣ የብረት መልክ እስኪይዝ ድረስ ተዪው። ተቃጥሎ የተበላሸ ይመስልሻል። አትደንግጪ፣ ሲታጠብ ሰማያዊው ተመልሶ ይመጣል።

በግምት ከመሄድ ግን ሙከራ ሥሪ። ቀጭን ቁራጭ ወረቀት ቀቢ። ምንም ያልታተመበትን ባዶ ፕላስቲክ አስቀምጪበት። ከዚያ በካርቶን እየሸፈንሽ፣ በየ3 ደቂቃው ትንሽ ትንሽ ግለጪው። አጥበሽ አድርቂና እዪው። አንድ ቦታ ላይ ሰማያዊው ከዚያ በላይ መጥቆር ያቆማል። እዚያ ለመድረስ የፈጀው አጭሩ ጊዜ ያንቺ ጊዜ ነው። አንዴ ካገኘሽው በኋላ አትነካኪው። ምስሉ ከገረጣ ወይም ከጠቆረ የሚስተካከለው ኔጋቲቩ ነው።

የፀሐይ ነገር አስቸጋሪ ነው። ሥራውን የሚሠራው ዓይን የማያየው አልትራቫዮሌት ብርሃን ስለሆነ የቀትርና የማለዳ ፀሐይ እኩል አይደሉም። ደመናም ይቀንሰዋል። አልትራቫዮሌት መብራት ካገኘሽ ውጤትሽ በየቀኑ አንድ ዓይነት ይሆናል።

ደግሞ ከውሃ እንደወጣ አትፍረጂበት። ሰማያዊው በአየር እየተነካ ቢያንስ እስከ ማግስቱ ድረስ ይጠቁራል። ለመቸኮል ከሆነ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ትንሽ ጠብ ያለበት ውሃ ውስጥ ንከሪው፤ ወዲያው ይጠቁራል። ማግስቱን ከሚያመጣው ቀለም በላይ ግን አይጨምርም፤ ማፍጠኛ ብቻ ነው።

ጥጥ ወረቀት፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ። እኔ ግን ወረቀቱንም አጥብቄ እጠረጥረዋለሁ። ብዙ ወረቀት ቶሎ እንዳይበላሽ ተብሎ ካልሲየም ካርቦኔት ይጨመርበታል። ለሥዕል ጥሩ ነው። ለሳያኖታይፕ ግን ጠላት ነው። ሰማያዊው ቀለም ፕሩሺያን ብሉ ነው፤ ፕሩሺያን ብሉ ደግሞ እንደ ካርቦኔት ያለ አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ የሆነ) ነገር ሲነካው ይፈርሳል።

ሙሉ በሙሉ ከጥጥ የተሠራና ካርቦኔት ያልተጨመረበት ወረቀት ፈልጊ። ካጣሽ ያለሽን ማከም ይቻላል። ሰልፋሚክ አሲድ 10 በመቶ በሆነ ውሃ ውስጥ ወረቀቱን ንከሪው። ካርቦኔት ካለው ጥቃቅን አረፋ ሲወጣ ታያለሽ። አረፋው ሲያበቃ አውጪው። አሲዱ ሙሉ በሙሉ እስኪወጣ ድረስ በንጹህ ውሃ አለቅልቂው፣ ከዚያ አድርቂው። ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርጊ። ይህን ሁሉ የምትሠሪው ኬሚካሉን ከመቀባትሽ በፊት ነው።

የማጠቢያ ውሃሽንም አትርሺ። ብዙ የቧንቧ ውሃ ወደ አልካላይን ያደላል። የመጀመሪያው ውሃ ውስጥ ጥቂት ኮምጣጤ ወይም ሲትሪክ አሲድ ጨምሪ። ቀለሙ አይሸሽም፤ መካከለኛው ድምቀትም በደንብ ይወጣል። ቀጥሎ ቢጫው ከነጩ ቦታ እስኪጠፋ በተራ ውሃ እጠቢ።

ነጩ ሰማያዊ የሚሆንብሽ ምክንያት ከአንድ በላይ ሊሆን ይችላል። ቀብተሽ ብዙ ካቆየሽው በራሱ ጊዜ ይቀየራል፤ እርጥበት ካለ ደግሞ ይብሳል። ቀብቶ በደረቀበት ዕለት ማተም ይሻላል። የፌሪክ አሞኒየም ሲትሬቱ ጠርሙስ ላይ ሻጋታ ካየሽ አጥልዪው። ሁለቱንም ፈሳሽ ለየብቻ፣ ብርሃን በማያሳልፍ ጠርሙስ አስቀምጪ። ይህ ሁሉ ደህና ከሆነና ነጩ አሁንም ከሰማየ፣ ኔጋቲቭሽ ብርሃኑን አልከለከለውም ማለት ነው።

የጨለማ ክፍል፦
ስለ ኔጋቲቩ ልጨምር። በዓይንሽ ጥቁር የሆነ ቀለም ሁሉ አልትራቫዮሌትን አይከለክልም። ከአንዳንድ ፕሪንተሮች የሚወጣው ጥቁር ያሳልፈዋል፤ ቀይ ወይም አረንጓዴ የሚመስለው ደግሞ በደንብ ይይዘዋል። ስለዚህ ብዙ ቀለሞችን በትናንሽ አራት ማዕዘን አድርገሽ በአንድ ፕላስቲክ ላይ አትሚ። ባገኘሽው ጊዜ አብሪበት። የትኛው ቀለም ሥር ወረቀቱ ንጹህ ነጭ ሆኖ ይቀራል? ኔጋቲቭሽን በዚያ ቀለም አትሚ። ምስሉን በመስታወት እንደሚታይ ገልብጠሽ ማተም አለብሽ። ቀለም ያረፈበት ፊት ወረቀቱን ሲነካ ነው ጥራቱ የሚወጣው።

ሙጫና ቀለም፦
ሠዓሊ ከሆንሽ እኔ የምልሽ ገም ባይክሮሜትን ነው! የግራር ሙጫ፣ የውሃ ቀለምና ዳይክሮሜት ይቀላቀላሉ። ብርሃን ያገኘው ሙጫ ይጠነክርና ወረቀቱ ላይ ይቀራል። ያላገኘው በውሃ ይሟሟል። የፈለግሽውን ቀለም መምረጥ ትችያለሽ። ደርቦ ማተም፣ በእርጥቡ በብሩሽ መነካካትም ይቻላል። በ1890ዎቹ እንደ ፈረንሳዊው ፎቶ አንሺ ሮበርት ደማሺ ያሉ ሰዎች ፎቶ ጥበብ ነው ብለው ሲከራከሩ የያዙት ይህንን ዘዴ ነበር። ከሥዕል ጋር የዚህን ያህል የሚቀራረብ የህትመት ዘዴ የለም ብዬ አምናለሁ።

ላቦራቶሪ፦
ውበቱ ላይ አልከራከርም። ግን ልጆች ያሉበት ቤት ነው ብላለች። ዳይክሮሜት ሄክሳቫለንት ክሮሚየም ነው፤ ካንሰር ያመጣል። ቆዳ ያሳክካል፣ ዱቄቱ ሲተነፍሱት ይጎዳል፣ በፍሳሽ ሲደፋም ውሃ ይበክላል። ቤት ውስጥ አይሞከርም። ኮሎዲዮን የሚባለውንም እንዲሁ ተዪው። በ1851 ፍሬድሪክ ስኮት አርቸር ያወጣው የመስታወት ዘዴ ነው፤ ኢተርና አልኮል ስላለበት በቀላሉ እሳት ይይዛል። አንዳንዶች ምስሉን የሚያጸኑት በፖታሲየም ሲያናይድ ነው፤ እሱ ደግሞ ይገድላል።

አሁን የምትሠሪበት ፖታሲየም ፌሪሲያናይድ ስሙ ያስፈራል እንጂ ሌላ ነገር ነው። ሲያናይዱ ከብረቱ ጋር አጥብቆ የተሳሰረ ስለሆነ መርዛማነቱ ዝቅተኛ ነው። ግን ከጠንካራ አሲድ ጋር አትቀላቅዪው፣ እሳት ላይም አትጣጂው፤ መርዛማ ጋዝ ሊወጣው ይችላል። የሚዛኑ ሳህን፣ ማንኪያው፣ ብርጭቆው ሁሉ ወደ ማድ ቤት አይመለስ።

ሙጫና ቀለም፦
ልክ ነው፣ ስለ ልጆቹ የጻፈችውን ሳስበው እቀበላለሁ። አየር ማስወጫ ባለው፣ ፍሳሹን በአግባቡ በሚሰበስብ የጋራ ስቱዲዮ ውስጥ ከሚያውቅ ሰው ጋር ትማረው። እኔም የምሠራው እንዲያ ባለ ቦታ ነው።

ጥጥ ወረቀት፦
ለቡናማው ሁለት መንገድ አለሽ። አንደኛው ያንኑ ሳያኖታይፕሽን ማቅለም ነው። በጣም በቀጠነ የሶዲየም ካርቦኔት ውሃ ሰማያዊውን ትንሽ ታፈዝዢዋለሽ። አለቅልቀሽ ወፍራም ሻይ ውስጥ ትነክሪዋለሽ። በሻይ ውስጥ ያለው ታኒን ከብረቱ ጋር ተያይዞ ወደ ቡናማ ጥቁር ይወስደዋል። ነጩ ወረቀትም ትንሽ ሻይ ይጠጣል፤ ለአንዳንድ ምስል ያምርበታል፣ ለአንዳንዱ አይሆንም።

ሁለተኛው ቫን ዳይክ ብራውን ነው፤ በብረትና በሲልቨር (ብር) ኬሚካል ቡናማ ምስል የሚያወጣ የህትመት ዘዴ። ፌሪክ አሞኒየም ሲትሬቱ አለሽ። ታርታሪክ አሲድና ሲልቨር ናይትሬት ትጨምሪያለሽ። የተለመደው መጠን ሲትሬቱ 9 ግራም፣ ታርታሪክ አሲዱ 1.5 ግራም፣ ሲልቨር ናይትሬቱ 3.8 ግራም ነው፤ ሦስቱም ለየብቻቸው በ33 በ33 ሚሊ ሊትር የተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ ይበጠበጣሉ። መጀመሪያ ሲትሬቱንና አሲዱን ቀላቅዪ፣ ከዚያ ሲልቨሩን እያማሰልሽ ቀስ ብለሽ ጨምሪ። ሲልቨር ናይትሬት ቆዳና ልብስ ያጠቁራል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። መነጽርና ጓንት የግድ ነው። ተቆልፎ ልጆች በማይደርሱበት ይቀመጥ። ይህን ማድረግ ካልተቻለ በሻይው ይበቃሻል።

የጨለማ ክፍል፦
እኔ ደግሞ ወደ ሌላ ከመሄድሽ በፊት ሳያኖታይፕ ላይ ትንሽ ቆዪ እላለሁ። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጆን ኸርሸል ዘዴውን በ1842 አወጣ። የዕፅዋት ተመራማሪዋ አና አትኪንስ በ1843 የባሕር አልጌዎችን በቀጥታ ወረቀቱ ላይ እያስቀመጠች ማተም ጀመረች፤ በፎቶ ህትመት የተሠራ የመጀመሪያው መጽሐፍ የሷ ነው። ለዚህ ካሜራም ኔጋቲቭም አልተጠቀመችም። አንቺ መሳል ትችያለሽ። በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ላይ በጥቁር ቀለም ሳዪና ያንን እንደ ኔጋቲቭ ተጠቀሚበት። ቅጠል፣ ዳንቴል፣ የተቀደደ ወረቀት ደርቢበት። ከፎቶ አንሺው ይልቅ ሠዓሊዋ እዚህ ጋ ብዙ የምትለው ያላት ይመስለኛል።

ብሩሽና ውሃ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ! ጋሼ፣ የካርቶኑን ሙከራ ሠራሁት። በቀትር ፀሐይ ሰማያዊው መጥቆር ያቆመው 15 ደቂቃ ላይ ነው። ወረቀቱም አሲዱ ውስጥ ሲገባ አረፋ አወጣ። አለቅልቄ አድርቄ በዚያው ወረቀት ሳትመው ጥልቅ ሰማያዊ ወጣልኝ፤ ነጩም ንጹህ ነው። በፕላስቲክ ላይ መሳሉንም ጀምሬያለሁ።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። ሳያኖታይፑ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ይለቃል ወይ? ቫን ዳይክን ደግሞ ቁልፍ ባለው ሳጥን አስቀምጬ ልሞክረው ወስኛለሁ። ያው ኔጋቲቭ ይሠራል?

ጥጥ ወረቀት፦
ኃይለኛ ብርሃን ላይ ከቆየ ይፈዛል። ጨለማ ቦታ ሲያርፍ ግን ከጠፋው ብዙው ይመለሳል። ቀጥታ ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳ አርቂው። ፍሬም ስታሠሪ ከጀርባውና ከዳሩ የሚገባው ካርቶን ካርቦኔት የሌለበት መሆኑን አረጋግጪ። አሲድ አልባ የሚባለው ብዙውን ጊዜ ካርቦኔት አለበትና ጠይቂ።

የጨለማ ክፍል፦
ያው ኔጋቲቭ ለቫን ዳይክ ይለሰልስብሻል። ከሳያኖታይፕ የበለጠ ኮንትራስት (የብርሃንና የጥላ ልዩነት) ይፈልጋል፤ ለሱ ሌላ አትሚ። የብርሃኑን ጊዜም እንደገና በካርቶኑ ፈልጊ።

አጠባው ላይ ተጠንቀቂ። የመጀመሪያው ውሃ ወተት የመሰለ ይሆናል። ያልተነካው ሲልቨር በቧንቧ ውሃ ውስጥ ካለው ክሎራይድ ጋር ሲገናኝ ነው። ጥቂት ሲትሪክ አሲድ ያለበት ውሃ ይሁን፤ ብረቱ ወረቀቱ ውስጥ እንዳይቀር ይረዳል። ውሃው ወተትነቱን እስኪያቆም ቀይሪ። ከዚያ ምስሉን በሚያጸናው፣ 3 በመቶ በሆነ ሶዲየም ታዮሰልፌት ውስጥ ለ2 ወይም ለ3 ደቂቃ አስገቢው። እዚያ ውስጥ ሲገባ ቡናማው ይጠልቃል። ረጅም ጊዜ ከቆየ ግን ምስሉን መብላት ይጀምራል። ሲደርቅ ደግሞ ገና ይጠቁራል፤ ስለዚህ እርጥቡ ትንሽ የፈካ ቢመስልሽ ልክ ነው። በመጨረሻ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ እጠቢው።